ሲ ፕላስ ፕላስ ሳይነኩ በኤምኤልአይአር የራስን ዳያሌክት መግለጽ

ኤምኤልአይአር (ኮምፓይለር መሥሪያ ማዕቀፍ) ላይ አዲስ ዳያሌክት (የራሱ ኦፕሬሽኖች፣ ማለትም ትእዛዞች፣ ያሉት ንዑስ ቋንቋ) ለመጨመር የተለመደው መንገድ በቴብልጄን (ሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ በሚወጣበት መግለጫ ቋንቋ) ጽፎ፣ ከሱ የሚወጣውን ሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይል ማድረግ ነው። የአንድ ኦፕሬሽን ስም ለመቀየር እንኳ እንደገና መገንባት አለ። እኔ የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፤ መብራት ድርግም ካለ ለላፕቶፕ ባትሪ ይሄ ቅጣት ነው። አይአርዲኤልን (ዳያሌክት መግለጫውን፣ ከታች ኮዱ ውስጥ «ኢርድል» ያልኩትን) የወደድኩት ለዚህ ነው፦ ዳያሌክቱ ራሱ በኤምኤልአይአር የተጻፈ ፋይል ይሆንና ፕሮግራሙ ሲነሳ ይነበባል። ሐሳቡ በ2022 በፒኤልዲአይ የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ጉባኤ የቀረበ ነው።

አንዴ የተገነባ ኤምኤልአይአር-ኦፕት (የኤምኤልአይአር ፋይል አንብቦ የሚፈትሽ ፕሮግራም) ይኑራችሁ እንጂ ሌላ ምንም አያስፈልግም። ሚዛን የሚባል ዳያሌክት ከፍታችሁ፣ ውስጡ መደመር የሚባል ኦፕሬሽን አስገቡ። የኦፕሬሽኑ ሆድ ይህን ይመስላል (እዚህ በፊደላችን ጻፍኩት እንጂ ፋይሉ ውስጥ በላቲን ነው፤ ፓርሰሩ ሀሁ አይገባውም)፦

%ሀ = ኢርድል.ኢዝ ኤፍ32
%ለ = ኢርድል.ኢዝ ኤፍ64
%ሐ = ኢርድል.ኤኒ_ኦፍ(%ሀ, %ለ)
ኢርድል.ኦፔራንድስ(ግራ: %ሐ, ቀኝ: %ሐ)
ኢርድል.ሪዘልትስ(ውጤት: %ሐ)

ኤፍ32 እና ኤፍ64 የ32 እና የ64 ቢት ተንሳፋፊ ነጥብ ቁጥር ዓይነቶች ናቸው፤ ኦፔራንድ ማለት ኦፕሬሽኑ የሚቀበለው ግብዓት ነው። %ሐ ከሁለቱ ዓይነቶች አንዱን የሚፈቅድ ገደብ ነው። ዋናው ጨዋታ %ሐ ሦስት ቦታ መግባቱ ላይ ነው። ትርጉሙ «ሁሉም ከሁለቱ አንዱ ይሁኑ» ብቻ አይደለም፤ «ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁኑ» ማለትም ነው። ግራው ኤፍ32 ሆኖ ከተገኘ %ሐ እዚያው ይታሰራል። ቀኙ በኤፍ64 ቢመጣ፣ ኤፍ32 ጠብቄ ኤፍ64 አገኘሁ የሚል ስሕተት ይወጣል። ኦፔራንዶቹ መለያየት እንዲችሉ የምትፈልጉ ከሆነ ያንኑ የኤኒ_ኦፍ መስመር በሌላ ስም፣ ለምሳሌ በ%መ፣ ድገሙትና ለቀኙ እሱን ስጡት። በዓይን ሲታይ ትርፍ መስመር ይመስላል፤ ኮድ የሚያጸዳ ጓደኛ ካላችሁ እንዳያጠፋባችሁ ኮሜንት ጻፉበት።

ግራ፣ ቀኝ የሚሉትን ስሞች የቆዩ ስሪቶች አይቀበሉም፤ እነሱ ላይ %ሐን ብቻ ደርድሩ።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ኤምኤልአይአር-ኦፕትን በ«ኢርድል-ፋይል» አማራጭ የዳያሌክቱን ፋይል አስይዙት፣ ቀጥሎ የሙከራውን ፕሮግራም ስጡት። ፕሮግራሙን በጄኔሪክ (ለማንኛውም ኦፕሬሽን በሚያገለግለው ወጥ) አጻጻፍ ጻፉ፤ የኦፕሬሽኑ ስም በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ሆን ብላችሁ የተሳሳተውን አስገቡ። ዝም ብሎ ካለፈ ገደቡን አላሰራችሁትም ማለት ነው።

ከእኩልነት ያለፈ ዝምድና፣ ለምሳሌ «ውጤቱ የግራው እጥፍ ስፋት ይኑረው» የሚል፣ በዚህ አይገለጽም። ለዚያ ኢርድል.ሲ_ፕሬድ አለ፤ ግን ሲ ፕላስ ፕላስ ስለሚጠራ፣ እሱን የያዘ ዳያሌክት ፕሮግራሙ እየሠራ ሊጫን አይችልም።