ከጉዞ ስትመለሱ የቤት ውስጥ ተክላችሁ ተጎድቶ ካገኛችሁት

ባለቤቱ በሌለበት የሚሞት ተክል ብዙ ጊዜ የሚሞተው በውኃ ጥም አይደለም። በውኃ ብዛት ነው። አደራ የተቀበለ ጎረቤት «አደራ በላ» እንዳይባል ይፈራል። ስለዚህ በየቀኑ ያጠጣል። ተክሉ ጠወለግ ሲልበት ደግሞ ይጨምርለታል። ስለዚህ ከመንገድ ገብታችሁ ሻንጣውን እንዳስቀመጣችሁ ወደ ውኃው አትሩጡ። መጀመሪያ ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ አስገቡ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚወሰነው ጣታችሁ ርሶ ወይም ደርቆ በመውጣቱ ነው።

ቅጠሉ ቢጫ፣ አፈሩ ጭቃ

ግራ የሚያጋባው ምልክት ይሄ ነው። ተክሉ የተጠማ ይመስላል፣ አፈሩ ግን ርጥብ ነው። ሥር አየር ይፈልጋል። አፈሩ ሁልጊዜ በውኃ ከተሞላ ሥሩ ይታፈንና ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውኃ ስለማይስብ ቅጠሉ ውኃ መሀል ሆኖ ይጠወልጋል። በክረምት ይብሳል፤ ፀሐይ የለም፣ ቤቱ ቀዝቃዛ ነው፣ አንዴ የረጠበ አፈር በሳምንትም ላይደርቅ ይችላል።

መፍትሄው ተክሉን ማውጣት ነው። ማሰሮውን አዘንብሉና ጎኑን መታ መታ አድርጉ፤ ግንዱን ከሥሩ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። አፈሩን አራግፉና ሥሩን እዩት። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው። የበሰበሰው ይጠቁራል፣ ይላላል፣ ይሸታል። በሁለት ጣት ይዛችሁ ስትስቡት ልጣጩ ሸርተት ብሎ ይወጣና ውስጡ ያለው ቀጭን ክር ብቻ እጃችሁ ላይ ይቀራል። እሱን ሁሉ በአልኮል በተጠረገ መቀስ ቁረጡ። ከዚያ ትንሽ አሸዋ በተቀላቀለበት አዲስ አፈር መልሳችሁ ትከሉት። ሥሩ ስለቀነሰ ማሰሮውም አነስ ይበል፣ ከታች ቀዳዳ ይኑረው። ማዳበሪያ አሁን አይደለም። ፀሐይ ላይም አታውጡት።

ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ከላላ ግን ሥሩን እርሱት። ከላይ ጤነኛውን ቁረጡና ውኃ ውስጥ አስቀምጡት። መኒ ፕላንትና ድራሴና እንዲህ አድርገው እንደገና ሥር ያወጣሉ።

ከማሰሮው ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች ብድግ ብድግ የሚሉ ከሆነም ምክንያቱ ያው ነው። እጫቸው የሚኖረው ርጥቡ የላይኛው አፈር ውስጥ ነው። ላዩ እንዲደርቅ ተዉት።

ለሚቀጥለው ጉዞ «አበባዎቹን አጠጪልኝ» ብላችሁ ቁልፍ አትስጡ። ይሄ መመሪያ አይደለም። ወረቀት ላይ ጻፉና በሩ ላይ ለጥፉት፤ ለምሳሌ፦ «እትዬ፣ እሑድ እሑድ ብቻ። መጀመሪያ አፈሩን በጣትዎ ይንኩት። ርጥብ ከሆነ ይተዉት። ረጃጅሙን፣ ሰይፍ የሚመስለውን ጭራሽ አይንኩብኝ።» ከዚህም የሚሻል ዘዴ አለ። ግማሽ ሊትር ሃይላንዶች ሞልታችሁ በየተክሉ አጠገብ አስቀምጡ። የእሱ ድርሻ ያችው ናት። ባዶ ሆነች ማለት አለቀ። የውኃ ፈረቃ ባለበት ሰፈርም ይሄ ይጠቅማል፤ ጎረቤታችሁ ቧንቧው ደርቆ ከራሷ ጀሪካን ቀንሳ እንድታጠጣላችሁ አትጠብቁ።

ሳንሴቬሪያ (ያ ሰይፍ የሚመስለው)፣ እሬትና ቁልቋል ለሦስት ሳምንት ጉዞ ጠባቂ አያስፈልጋቸውም። መኝታ ቤት መስኮት አጠገብ ሰብስቧቸውና በሩን ዝጉ። ያልታየ ተክል አይጠጣም።

ጠውልጓል፣ አፈሩም ድርቅ ብሏል

ይሄኛው ይሻላል፤ ቶሎ ይድናል። ችግሩ ከላይ ውኃ ስታፈሱ ወዲያው ከታች መውጣቱ ነው። በጣም የደረቀ አፈር ይሸበሸብና ከማሰሮው ጠርዝ ይለያል፤ ውኃውም በዚያ ክፍተት ሳይነካው ያልፋል። ስለዚህ ሳፋ ውስጥ ውኃ አድርጉና ማሰሮውን ከነቀዳዳው ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት። አፈሩ ከላይ ሲረጥብ አውጡና በደንብ አንጠፍጥፉት። ፒስ ሊሊ መሬት ላይ ተኝታ ብታገኟት እንኳ በሰዓታት ውስጥ ቀና ትላለች። ማሰሮ ላይ ያለ በሶብላ ግን ትዕግሥት የለውም፤ ግንዱ ደርቆ ከተሰበረ ጣሉት።

ለምን አልጠጣም? ብዙ ጊዜ ጠባቂውም ስለሄደ ነው። እናንተ ለበዓል ስትወጡ እሱም ይወጣል። ጎረቤታችሁ ጉራጌ ከሆነ ለመስቀል ከናንተ በፊት ተነሥቶ ሊሆን ይችላል። አደራ ከመስጠታችሁ በፊት «በዓሉን የት ነህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይሉኝታ ይዞት «እሺ» ያለ ሰው ከማይመጣ ሰው አይሻልም። ግቢ ውስጥ የሚያድር ዘበኛ ካለ ጥሩ ነው፤ ግን ቁልፍ መስጠት ካልፈለጋችሁ ተክሎቹን ወደ በረንዳ፣ ጥላ ያለበት ጥግ አውጡለት። ጥላ ነው ያልኩት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ሳሎን የለመደ ቅጠል የበጋ ፀሐይ ሲያገኘው በአንድ ከሰዓት ይቃጠላል። የተቃጠለው ነጣ ያለ ቦታ ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም። ተክሉ ግን አይሞትም፤ ወደ ጥላ መልሱት፣ አዲስ ቅጠል ያወጣል።

የተደፋው ጠርሙስ በአንድ ቀን አለቀ

ኢንተርኔት ላይ እንደሚታየው ሃይላንድ ገልብጣችሁ አፈሩ ላይ ተክላችሁ ይሆናል። አፈሩ ልል ከሆነ ወይም ክዳኑ ላይ ያለው ቀዳዳ ከሰፋ ውኃው ሁሉ በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል። ወይም ደግሞ ጭቃ ይደፍነውና ጭራሽ አይወርድም። እኔ በጥጥ ገመድ የሚደረገውን አምነዋለሁ። ውኃ የሞላ ጀሪካን ከማሰሮው ከፍ ባለ ቦታ ይቀመጣል። የገመዱ አንድ ጫፍ ጀሪካኑ ሥር ይደርሳል፣ ሌላው አፈሩ ውስጥ ጠለቅ ብሎ ይቀበራል። ገመዱን መጀመሪያ አርጥቡት፤ ደረቅ ገመድ ላይስብ ይችላል። የናይለን ገመድም አይሆንም። ዋናው ነገር ከመሄዳችሁ ቀደም ብሎ መሞከር ነው። በመነሻችሁ ዋዜማ የተዘረጋ ገመድ ቁማር ነው።

ቅጠሉ ረግፏል፣ የቀረውም ገርጥቷል

መጋረጃ ነው። ሌባ እንዳያይ ተብሎ ሁሉም ይዘጋል፣ ተክሎቹም ጨለማ ውስጥ ይከርማሉ። ስስ መጋረጃ በቂ ነው፤ ወይም ሁሉንም ከመንገድ የማይታይ መስኮት ወዳለበት ክፍል ሰብስቡ። ፋይከስ ደግሞ ቦታ ስለቀየረ ብቻ ቅጠሉን ያራግፋል። ተዉት፣ ይመለሳል።

ከቅጠሉ ሥር ስስ ድር፣ ወይም ነጭ ጥጥ መሳይ ነገር

ድሩን የሚሠራው «ቀይ ሸረሪት» የሚባል ደቃቅ ተባይ ነው፤ ደረቅ አየር ይወዳል፣ ማንም ሳያየው ይራባል። ገላ መታጠቢያ ቤት ወስዳችሁ የቅጠሉን ጀርባ በውኃ እጠቡት፣ ከዚያ በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ እርጩት። ከሳምንት በኋላ ድገሙት፤ እንቁላሉ አይሞትም። ጥጥ መሳዩን አልኮል ውስጥ በተነከረ ጥጥ አንድ በአንድ ጥረጉት። እስኪጠፋ ድረስ ተክሉን ከሌሎቹ ለዩት።

ውጭ አገር ሆናችሁ ለገና ወደ አገር ቤት የምትመጡ ከሆነ ችግራችሁ ሌላ ነው። እዚያ ትታችሁት በመጣችሁት ቤት ማሞቂያው አየሩን ያደርቀዋል፣ መስኮቱ ዳር ደግሞ ብርድ ነው። ተክሎቹን ከሁለቱም አርቃችሁ አንድ ላይ አጠጋጓቸው። ማሞቂያውን ግን ጭራሽ አታጥፉት።

ጠባቂያችሁ ትንሽ ልጅ ወይም ድመት ካላት አንድ ነገር ንገሯት፤ መኒ ፕላንትም ሆነ ዲፈንባኪያ ሲታኘክ አፍን ያቃጥላል፣ ያሳብጣል። ተክሉን እሷ ቤት ወስዳችሁ የምታስቀምጡ ከሆነ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይሁን።

ቁልፉን ስትቀበሉ ደግሞ ከምስጋናው ቀጥሎ ተክሎቹ መጨረሻ የጠጡት መቼ እንደሆነ ጠይቁ። መልሱ «ዛሬ ጠዋት፣ ትመጣላችሁ ብዬ» ከሆነ፣ እናንተ የሞላችሁትን ጆግ መልሳችሁ አስቀምጡት።