ቀለሙን ከማስለቀቃችሁ በፊት፦ የድሮ ሚኒያቸር ሰብሳቢዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። አንድ ሰው የጫማ ካርቶን ሙሉ የድሮ ሚኒያቸር ሸጠልኝ። ሚኒያቸር የምላችሁ ለጠረጴዛ ላይ የፋንታሲ ጨዋታ የሚሠሩትን፣ የአውራ ጣት ግማሽ የሚያህሉትን ምስሎች ነው። ኦርክና ጎብሊን የሚባሉ የተረት ጭራቆች፣ ሁለት ጠንቋዮች፣ ትሮል የሚባል ጭንቅላት የሌለው ግዙፍ ጭራቅ። ሁሉም በወፍራም ቀለም ተለቅልቀዋል። እኔም ቸኩዬ በዚያው ምሽት አንድ ባልዲ ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው።

ጠዋት ቀለሙ ለቋል። ችግሩ ሌላም ብዙ ነገር አብሮ መልቀቁ ነው። ከመቆሚያዎቹ ሥር በእስክሪብቶ የተጻፉ ኮዶች ነበሩ፤ ጠፉ። የትኛው ጋሻ የየትኛው ኦርክ እንደሆነ በሙጫው ይታወቅ ነበር፤ ሙጫውም ለቀቀ። የትኞቹ በአንድ ሰው እጅ ተቀብተው አንድ ላይ እንደኖሩ በቀለሙ ይለይ ነበር፤ እሱም ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ያየኋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የዚህ ዘመድ ናቸው። ሰው መጀመሪያ ይነካል፣ መመዝገብ ትዝ የሚለው ኋላ ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም፦ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ምስሎቹ ላይ የሚታተመውም እሱ ስለሆነ ካታሎጋችሁንም በዚያው ብትጽፉ ይሻላል።

ካርቶኑን እንደከፈቱ ማጽዳት

ካርቶኑ ሲመጣ እንዳለ ፎቶ አንሱት። ከዚያ አንድ በአንድ አውጡና እያንዳንዱን ምስል ከፊት፣ ከኋላ እና ከሥሩ አንሱት። ማስመሪያ አጠገቡ ይቀመጥ። ቁጥር ስጡትና ለብቻው ትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ክተቱት። ይህ ሁሉ ሳያልቅ ፈሳሽ የሚባል ነገር አይቅረብ።

ቀለሙ መልቀቅ እንዳለበትም አስቡበት። አሮጌ ቀለም ሁሉ ቆሻሻ አይደለም። በ1980ዎቹ አንድ ሰው ተጠንቅቆ የቀባው ጎብሊን የዚያ ዘመን እጅ አለበት፤ አንዴ ከታጠበ አይመለስም።

ለማስለቀቅ ከወሰናችሁ ምስሉ ከምን እንደተሠራ እርግጠኛ ሁኑ። አሴቶን፣ የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቀው ፈሳሽ፣ ብረቱን አይጎዳም። ፕላስቲክና ሬዚን ግን ያቀልጣል፣ የብረቱ ምስል የቆመበትን የፕላስቲክ መቆሚያ ጨምሮ። መስኮት ክፈቱ፣ እሳት አርቁ፣ ጓንት አድርጉ። ዴቶልም ቀለም ያለሰልሳል። ግን ከዴቶል አውጥታችሁ ወዲያው በውሃ ካጠባችሁት የለቀቀው ቀለም እንደ ማስቲካ ይሆንና መልሶ ይጣበቃል። መጀመሪያ በዚያው በዴቶሉ በጥርስ ብሩሽ አራግፉት፣ ውሃው በኋላ ይመጣል። ብሩሹ ከዚያ ወዲያ ለጥርስ እንደማይሆን መቼም አልነግራችሁም።

ሥሩ ላይ የተጻፈውን ዓመት ማመን

ከ1980ዎቹ አጋማሽ በፊት የነበሩ ሲታዴል የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ምስሎች መቆሚያቸው ከገላቸው ጋር አብሮ የተቀረጸ ብረት ነው። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ባለ ስንጥቅ የፕላስቲክ መቆሚያ አመጣ። ምስሉ ከእግሩ ሥር ቀጭን የብረት ምላስ አለው፤ ምላሱ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ሰብሳቢዎች ታብ የሚሉት እሱን ነው። ታቡ ላይ ብዙ ጊዜ የኩባንያው ስም፣ የምስሉ ስም እና ዓመት ይገኛል።

ጀማሪ ያንን ዓመት ያያል፣ “ይህ በ1987 የተሠራ ነው” ብሎ ይጽፋል። ዓመቱ የሚናገረው ስለ ቅርጹ የቅጂ መብት ነው። ያ ቅርጽ ግን በቀለጠ ብረት ለዓመታት ሲፈስ ሊኖር ይችላል። እጃችሁ ያለው ቅጂ ከመጀመሪያው ሳምንት ይሁን ከአሥር ዓመት በኋላ ታቡ አይነግራችሁም።

ብረቱ ግን አንዳንዴ ይናገራል። የድሮዎቹ ምስሎች እርሳስ ያለበት ቅይጥ ናቸው። አሜሪካዊው አምራች ራል ፓርታ በ1993 ራሊዲየም ብሎ ወደ ጠራው እርሳስ አልባ ቅይጥ ዞረ። የሲታዴል ባለቤት ጌምስ ወርክሾፕ ደግሞ በ1997 እርሳስን ተወ። ስለዚህ ታቡ 1987 እያለ ብረቱ እርሳስ አልባ ከሆነ፣ የፈሰሰው ቅርጹ ከወጣ ቢያንስ ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። በካታሎጋችሁ ሁለት የተለያዩ አምዶች ያስፈልጋሉ፦ ታቡ ላይ የተነበበው ዓመት፣ እና እናንተ የገመታችሁት የምርት ዘመን። ሁለቱን አንድ አምድ ውስጥ የጨመቀ ሰው በኋላ የቱ ንባብ የቱ ግምት እንደሆነ ራሱም አያውቅም።

ኮዱን እንደ መታወቂያ መቁጠር

በሲታዴል የ1980ዎቹ ዝርዝሮች C15 ኦርኮች ናቸው፣ C35 የኬኦስ ተዋጊዎች። ኮዱ የአንድ ምስል ሳይሆን የቤተሰብ ስም ነው። በአንድ ኮድ ሥር ብዙ ምስሎች ይገባሉ፤ ዓመት አልፎ አዲስ ካታሎግ ሲወጣ አንዳንዱ ይወጣል፣ አዲስ ይጨመራል። “C15 አለኝ” ማለት ከአንድ ትልቅ ቤተሰብ አንድ ልጅ አውቃለሁ እንደማለት ነው። የቱ ልጅ? ስለዚህ ከኮዱ ጋር የየትኛው ዓመት ካታሎግ እንደሆነና በዚያ ዝርዝር የተሰጠውን ስም ጻፉ።

የድሮ ካታሎጎች ሥዕልም ያሳስታል። ብዙዎቹ ፎቶ የላቸውም፤ በእጅ የተሳሉ ናቸው። የሲታዴልን ብዙ ሥዕሎች የሳለው ቶኒ አክላንድ ነው። ሥዕሎቹ ያምራሉ፣ እኔ ለራሳቸው ስል አያቸዋለሁ። ቢሆንም ሥዕል ሥዕል ነው። የሰይፉ ማዕዘን ትንሽ ስለተለየ ብቻ “ያልታወቀ ዓይነት አገኘሁ” ብላችሁ አትጩሁ።

አንድ ቅርጽ ሁለት አገር ሊፈስም ይችላል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ራል ፓርታ የሲታዴልን ምስሎች በፈቃድ አሜሪካ ውስጥ ያመርት ነበር። ማሮደር የሚባለውን ደግሞ ብዙ ሰው ሲታዴል ብሎ ይመዘግበዋል። አሊ ሞሪሰንና ትሪሽ ሞሪሰን የመሠረቱት ራሱን የቻለ ስም ነበር፤ የሚሸጠው ግን በጌምስ ወርክሾፕ በኩል ስለነበር ግራ ያጋባል።

የቀራጺ ስም ላይ ደግሞ ሁሉም ባለሙያ ነው። ኬቭ አዳምስ በሚያሽሟጥጡ ጎብሊኖቹ ስለታወቀ፣ ጥርሱን ያሳየ ጎብሊን ሁሉ የእሱ ይባላል። የጄስ ጉድዊን፣ የመንትዮቹ የአለንና የማይክል ፔሪ ስምም እንዲሁ በየሜዳው ይለጠፋል። ማስረጃችሁ የዘመኑ ካታሎግ ወይም ማስታወቂያ ከሆነ እሱን ጻፉ። “ዓይኔ ነገረኝ” ከሆነ ደግሞ ከስሙ አጠገብ የጥያቄ ምልክት አድርጉ። የጥያቄ ምልክት አያሳፍርም። የእኔ ካታሎግ በጥያቄ ምልክት የተሞላ ነው።

ፎርጅዱን አለማወቅ፣ ወይም ሁሉን ፎርጅድ ማለት

እነዚህ ምስሎች የሚወጡት የቀለጠ ብረት በሚሽከረከር የላስቲክ ሞልድ ውስጥ ፈስሶ ነው። ፎርጅድ የሚሠራ ሰው የገዛውን ምስል ራሱን ሞልድ ውስጥ ይጫነዋል። ብረት ሲቀዘቅዝ ትንሽ ስለሚኮማተር፣ ከቅጂ የተወሰደ ቅጂ ከእናቱ ጥቂት ያንሳል። በዓይን አይታይም። እውነተኛነቱ ከተረጋገጠ ሌላ ጋር ጎን ለጎን ካሊፐር በሚባለው የጥቃቅን ነገሮች መለኪያ ስትለኩ ነው የሚወጣው። ሌሎቹ ምልክቶች የደበዘዘ የታብ ጽሑፍ፣ የሟሟ የሚመስል የፊት ቅርጽ፣ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉ የአየር ጉድጓዶች ናቸው።

ሆኖም ተጠንቀቁ። ሞልድ ያረጃል። ከኩባንያው ራሱ፣ ካረጀ ሞልድ የወጣ ምስልም ፊቱ ሊደበዝዝ ይችላል። ክብደትም ብቻውን አይፈርድም። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር እርሳስ 11.3 ግራም ይመዝናል፣ በእርሳስ አልባው ቅይጥ የሚበዛው ቲን የሚባለው ብረት ግን 7.3 ግራም ብቻ። ስለዚህ እርሳስ አልባው ቅጂ በእጅ ሲይዙት ይቀላል፤ ከላይ እንዳልኩት ደግሞ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ወደዚያ ዞረዋል። መጠን፣ ክብደት፣ የታብ ጽሑፍ እና የቅርጹ ጥራት አንድ ላይ ሲመሰክሩ ነው ሻጩን ፎርጅድ ሸጥክልኝ ማለት የሚቻለው።

“ምርቱ ቆሟል” ሲባል “ብርቅ ነው” ብሎ መስማት

ሻጮች ይህንን ይወዳሉ። የእውነቱን ለማየት የኩባንያዎቹን ታሪክ ተከተሉ። ግሬናዲየር በ1996 ተዘጋ፤ ብዙ ሞልዶቹ ግን ጣሊያን ወደሚገኘው ሚርሊቶን ሄደው ምስሎቹ እንደገና ተሸጠዋል። የራል ፓርታን ቅርጾች አይረን ዊንድ ሜታልስ ወርሶ ማፍሰሱን ቀጠለ። ጌምስ ወርክሾፕም አንዳንድ የድሮ ምስሎቹን ለአጭር ጊዜ በትእዛዝ መልሶ አምርቷል። እነዚህ ሕጋዊ ቅጂዎች ናቸው፤ ፎርጅድ ብላችሁ አትሳደቡ። የብርቅ ዋጋ ከመክፈላችሁ በፊት ግን ያው ምስል ዛሬም በአዲስ እሽግ ይሸጥ እንደሆነ አምስት ደቂቃ ፈልጉ። ካታሎጋችሁ ላይ ደግሞ “የመጀመሪያ ዘመን” እና “ዳግም የወጣ” የሚል መለያ ይኑር።

የሚያምር የኦክ ቁም ሳጥን መግዛት

ይሄኛው ያመኛል፣ ምክንያቱም የሚሠሩት ስብስባቸውን የሚወዱ ሰዎች ናቸው። ምስሎቻቸውን ለማክበር ጥሩ የእንጨት ሳጥን ያሠራሉ፣ ከዚያ ዘግተው ያስቀምጧቸዋል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲከፍቱት ብረቱ ላይ ነጭ ዱቄት አብቧል።

እንጨት፣ በተለይ ኦክ፣ አሴቲክ አሲድ ይተነፍሳል፤ አቼቶ ውስጥ ያለውን ማለት ነው። ካርቶን፣ የተጨመቀ የእንጨት ጣውላ እና ሲደርቅ አቼቶ አቼቶ የሚሸት ሲሊኮን ማሸጊያም እንዲሁ። አሲዱ እርሳሱን ይበላል፣ ከአየሩ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋህዶ ወደ እርሳስ ካርቦኔት ይለውጠዋል። የድሮ ሠዓሊዎች ነጭ ቀለማቸውን የሚያገኙት በዚሁ መንገድ ነበር፦ እርሳስን ከአቼቶ ትነት ጋር አፍነው ማስቀመጥ። የተዘጋው የኦክ ሳጥን እንግዲህ አነስተኛ የቀለም ፋብሪካ መሆኑ ነው። አሲዱ በሥራው ስለማያልቅ ጉዳቱ አንዴ ከጀመረ ይቀጥላል።

ብርጭቆና ብረት መደርደሪያ፣ ትንሽ አየር የሚዘዋወርበት፣ ይሻላል። ለማከማቻ የፖሊፕሮፒሊን ሳጥን ወይም የፖሊኢትሊን ከረጢት ከእርጥበት መጣጭ ጋር በቂ ነው። ቀለምና ቫርኒሽ የተቀባ ምስል ከራቁቱ በተሻለ ይቋቋማል። ያ ባልዲ ይህንንም ከለላ ነው ያሳጣቸው።

ነጭ ነገር ስታዩ ግን አትደንግጡ። በሞልዱ ሥራ ላይ የሚነሰነስ የታልክ ዱቄት ብዙ ጊዜ በቅርጹ ስንጥቆች ውስጥ ይቀራል። በእርጥብ ብሩሽ ሲነካ ይለቃል፣ ሥሩ ያለው ብረት ለስላሳ ነው። አሲዱ የበላው እርሳስ ከሆነ ሥሩ የተቦረቦረ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ያኔ ምስሉን ለዩት፣ በፍጹም አትንፉበት፣ በደረቁም አትፈግፍጉት፤ ዱቄቱ መርዝ ነው። ጓንት አድርጋችሁ በእርጥቡ አጽዱ፣ በደንብ አድርቁ፣ ቫርኒሽ ቀቡ፣ እጃችሁን ታጠቡ። ከዚያ ሳጥኑን ቀይሩ፤ እዚያው ከመለሳችሁት ልፋቱ ከንቱ ነው።

መጠን ሳይለኩ “28 ሚሊ” ብሎ መጻፍ

አጭር ነው። 25 እና 28 ሚሊ ሜትር የሚሉት የንግድ ስሞች ናቸው። አንዱ እስከ ዓይን ይለካል፣ ሌላው እስከ ጭንቅላት አናት። የ1970ዎቹ ተዋጊ ከ1990ዎቹ አጠገብ ሲቆም ታናሽ ወንድሙ ይመስላል። ከእግር ጫማ እስከ ዓይን ለኩና ቁጥሩን ጻፉ፣ በቃ።

ለካታሎጉ ሲሉ ስብስቡን መርሳት

የመጀመሪያው የኤክሴል ሰንጠረዤ አርባ ያህል አምድ ነበረው። ሦስት ምስል መዝግቤ ደከመኝ፣ ለወራት ተውኩት። አሁን አሥር ናቸው፦ ቁጥር፣ ኩባንያ፣ ኮድና ካታሎግ፣ ስም፣ የታብ ጽሑፍ፣ የተገመተ የምርት ዘመን፣ ብረትና ክብደት፣ ሁኔታ፣ የጎደለ ነገር፣ ምንጭ።

ቁጥሩ ትርጉም አይኑረው። አንድ ወዳጄ ለኦርክ በ“ኦ”፣ ለጎብሊን በ“ጎ” የሚጀምር ቁጥር ሲሰጥ ኖረ። ከዚያ ግማሾቹ “ጎብሊኖች” ኦርክ መሆናቸው ታወቀ፣ ፎቶውም ከረጢቱም ሁሉ እንደገና ተሰየመ። 1፣ 2፣ 3 ብሎ መሄድን የመሰለ የለም። የፎቶው ፋይል ስምም ያው ቁጥር ይሁን። ፋይሉን ቢያንስ ሁለት ቦታ አስቀምጡ።

ቁጥሩን ብረቱ ላይ በፕላስተር አትለጥፉ፤ ሙጫው ይቀራል። ከረጢቱ ውስጥ በምትገባ ትንሽ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፉት። የእስክሪብቶ ቀለም ይደበዝዛል። እርሳሱን በእርሳስ ስመዘግብ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ።

“የጎደለ ነገር” የሚለውን አምድ ባዶ አትተዉት። ጋሻ፣ ለብቻው የሚገጠም ክንድ፣ የፈረስ ጭራ፣ ሁሉም ይጠፋል። “ሙሉ ነው” ከሆነም ሙሉ ነው ብላችሁ ጻፉ፤ ባዶ አምድ “አላየሁትም” ማለት ይሁን “ምንም አልጎደለም” ከዓመት በኋላ አይታወቅም። ከእሽጉ ጋር የመጣውን የካርቶን ጀርባም አትጣሉ፤ ኮዱ ያለው እዚያ ነው። ግን ከምስሉ ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ አይደር። ምክንያቱን ከላይ ታውቁታላችሁ።

“ምንጭ” የሚለው አምድ ከማን፣ መቼ፣ ከምን ጋር እንደመጣ ይይዛል። አንድ ስሙ ያልታወቀ ምስል ብዙ ጊዜ የሚታወቀው አብረውት በመጡት ነው። በእኔ ሰንጠረዥ ከ1 እስከ 64 ያሉት፣ ጭንቅላት የሌለውን ትሮል ጨምሮ፣ በዚያ አምድ ሥር ያላቸው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ “ባልዲ”።