ሞክሼ መንደር፣ ቤተሰብና ድርጅት በአንድ ሰንጠረዥ ሲምታቱ

ሁለት የኤክሴል ሰንጠረዦችን በስም ሳገናኝ ሞክሼ መንደሮች ሁሉ የአንዷን ኬክሮስና ኬንትሮስ ያዙ፤ በቤተሰብ ስም የተጠሩ ድርጅቶችም የመንደር መረጃ ተሸከሙ። መንስኤው ቪሉካፕ (VLOOKUP) የተባለው፣ አንድን ስም በሌላ ሰንጠረዥ ፈልጎ አጠገቡ ያለውን መረጃ የሚያመጣው የኤክሴል ቀመር ነው። አራተኛው መለኪያ ፎልስ (FALSE)፣ ማለትም በትክክል የሚገጥመውን ብቻ ፈልግ፣ ቢሆንም የሚመልሰው መጀመሪያ ያገኘውን ብቻ ነው፤ ሌላ ሞክሼ አለ ብሎ አያስጠነቅቅም።

ሀ፣ ሐ እና ኀን ወደ አንድ ፊደል ማምጣት ነገሩን አባሰው፤ የተለያዩ ስሞችም ሞክሼ ሆኑ። የአገር ስም መጨመርም አልበቃም፣ ባንድ አገር ውስጥም ሞክሼ መንደር ሞልቷልና።

መፍትሔ የሆነኝ ኦፕንሪፋይን (OpenRefine) የተባለው የመረጃ ማጽጃ ፕሮግራም ነው። ረድፎቹን በዓይነት ከፍዬ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ከዊኪዳታ ጋር አዛመድኩ፤ ዊኪዳታ ለእያንዳንዱ ነገር የኪው (Q) መለያ ቁጥር የሚሰጥ ክፍት የመረጃ ቋት ነው። የተጠቀምኩባቸው ዓይነቶች፦ መንደር ኪው532፣ የቤተሰብ ስም ኪው101352፣ ድርጅት ኪው4830453። ለመንደሮቹ የወረዳውን ዓምድ ከፒ131 (P131)፣ ቦታው የሚገኝበትን የአስተዳደር ክልል ከሚገልጸው የዊኪዳታ ባሕርይ፣ ጋር አጣመርኩ፤ ልዩነቱን ያመጣው ይኼ ነው። በራሱ እንዲያዛምድ የሚፈቅደውን ምልክት አጥፉት፤ ትክክለኛዋ መንደር ዊኪዳታ ላይ ከሌለች ሞክሼዋን ሊሰጣችሁ ይችላል።

ከዚያ የኪው ቁጥሩን በአዲስ ዓምድ አውጥቼ ሰንጠረዦቹን በእሱ አያያዝኩ። ዊኪዳታ ላይ ላልተገኙት መ001፣ ቤ001፣ ድ001 እያልኩ የራሴን መለያ ሰጠሁ። ስሙ ለንባብ ብቻ ቀረ።