የኤክሴል ሠንጠረዥን በጆሮም የሚነበብ የድረ ገጽ ሠንጠረዥ ማድረግ

የውሃ ፈረቃ ብዙ ጊዜ የሚለጠፈው የኤክሴሉ ገጽ ፎቶ ተነሥቶ ነው። በስክሪን ሪደር (ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) ለሚጠቀም ዓይነ ስውር ነዋሪ ያ ፎቶ ምንም አይነግረውም። በወጉ የተሠራ የኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ መጻፊያ ኮድ) ሠንጠረዥ ግን ይናገራል፤ ከሴል ወደ ሴል ወደ ጎን ሲኬድ «የሚለቀቅበት ሰዓት፣ ከሌሊቱ 8» ይላል፣ ወደ ታች ሲወረድ «ወረዳ 5» ብሎ የማን ሰዓት እንደሆነ ያስታውቃል። ይህ እንዲሆን እያንዳንዱ ሴል ርዕሱን ማወቅ አለበት። ከሥራው የሚበዛውም ኮድ ሳይጻፍ በፊት እዚያው ኤክሴል ላይ ያልቃል።

ፋይሉን ኮፒ አድርገው በኮፒው ይሥሩ። ከሠንጠረዡ በላይ ያለውን የመሥሪያ ቤት ስምና ሎጎ ያጥፉ፤ የዓምድ ርዕሶች በ1ኛው ረድፍ ብቻ ይሁኑ።

ትልቁ ጣጣ ሜርጅ የተደረጉ፣ ማለትም ወደ አንድ የተዋሃዱ፣ ሴሎች ናቸው። «ማክሰኞ» ለ4 ወረዳዎች አንድ ላይ ተሰፍቶ ከሆነ ለዓይን ያምራል፣ ለጆሮ ግን 3ቱ ወረዳዎች ቀን አልባ ሊሆኑ ይችላሉ። አንመርጅ ሲያደርጉትም ጽሑፉ የላይኛው ሴል ላይ ብቻ ይቀራል። የቀኑን ዓምድ ብቻ ይምረጡ፣ ኮንትሮልና ጂ ይጫኑ፣ ስፔሻል ከዚያ ብላንክስ ይበሉ። ባዶዎቹ እንደተመረጡ የእኩል ምልክት ይጻፉ፣ የላይ ቀስቱን አንዴ ይንኩ፣ በኮንትሮልና ኢንተር ይዝጉ። ሁሉም ከላያቸው ያለውን ቀን ይወስዳሉ። ወዲያው ዓምዱን ኮፒ አድርገው በቫልዩስ መልሰው ይለጥፉ፤ ፎርሙላ ሆኖ ከቀረ ዝርዝሩን ሲደረድሩ ቀኖቹ ይዘባረቃሉ። በሌሎቹ ዓምዶች መረጃ የሌለው ሴል ካለ «አልተወሰነም» ብለው ይጻፉበት።

ቀን ላይ ይጠንቀቁ። ኤክሴል የእኛን የዘመን አቆጣጠር አያውቅም። 12/2/2017 ብለው ሲጽፉ የፈረንጅ ቀን አድርጎ ይይዘዋል፤ 30/2/2017ን ግን በፈረንጆቹ 2ኛ ወር 30ኛ ቀን ስለሌለ ተራ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። አንዱ ዓምድ ሁለት ዓይነት መረጃ ይዞ ቁጭ ይላል። ዓምዱን አስቀድመው ወደ ቴክስት ይቀይሩና «ጥቅምት 30» ብለው ይጻፉ፤ ሲነበብም የሚሻለው እሱ ነው። በቀይ ቀለም ብቻ የተነገረ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ መስመር የተበላሸበት ወረዳ፣ በቃል የሚገለጽበት ዓምድ ይጨምሩለት።

ኤክሴል ራሱ «ዌብ ፔጅ» ብሎ የሚያስቀምጠውን አይጠቀሙ፤ የማያስፈልግ ኮድ ይቆልላል፣ ርዕሶቹንም ተራ ሴል ያደርጋቸዋል። ሠንጠረዡን ወደ ኤችቲኤምኤል በሚቀይር መሣሪያ የሚሠሩ ከሆነ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» (CSV UTF-8) በሚለው ያስቀምጡ። በተራው ሲኤስቪ ካስቀመጡት ፊደላችን የጥያቄ ምልክት ይሆናል፣ ከዚያ ፋይልም አይመለስም።

አሁን ወደ ኮዱ፤ ታግ የሚባለው በ< እና በ> መካከል የሚጻፈው የኮዱ ምልክት ነው። ከቴብል (table) መክፈቻ ታግ ቀጥሎ ካፕሽን (caption) ይግባ፤ «የወረዳዎች የውሃ ፈረቃ፣ ጥቅምት 2017» የሚለው የሠንጠረዡ ስም የሚጻፈው እዚያ ነው። የርዕሱ ረድፍ በቲሄድ (thead)፣ የቀረው በቲቦዲ (tbody) ውስጥ ይሁን። የዓምድ ርዕሶች ቲኤች (th፣ የርዕስ ሴል) ይሁኑና ስኮፓቸው (scope) ኮል (col) ይባል። የየረድፉ 1ኛ ሴል፣ ማለትም ወረዳው፣ እሱም ቲኤች ነው፤ ስኮፑ ግን ሮው (row)። ሌሎቹ ቲዲ (td፣ ተራ ሴል) ናቸው። ቲዲን ቦልድ ማድረግ ርዕስ አያደርገውም፤ በብዙ ድረ ገጽ ላይ የሚታየው ስሕተት ይህ ነው።

ረድፉ ከበዛ በእጅ አይጻፉ። ባዶ ዓምድ ላይ ታጎቹንና ሴሎቹን በ& የሚያያይዝ ፎርሙላ ሠርተው ወደ ታች ይጎትቱት። በታጉ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን የጥቅስ ምልክት ሁለት ጊዜ ይጻፉ፣ አለዚያ ፎርሙላው አይቀበልም። ሴል ውስጥ በኦልትና ኢንተር የተሰበረ መስመር ካለም አስቀድመው ያጥፉ፤ ወደ ኖትፓድ ሲለጥፉ ረድፉን በትርፍ ጥቅስ ያበላሸዋል።

በገጹ ራስ ላይ ቻርሴት (charset) ዩቲኤፍ-8 ይሁን፣ የላንግ (lang) ምልክቱ ደግሞ የአማርኛው ኤኤም (am)። ያለዚህ ስክሪን ሪደሩ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ድምፅ ሊሞክረው ይችላል። ሠንጠረዡ ለስልክ ከሰፋ ኦቨርፍሎው ኤክስ ኦቶ (overflow-x: auto) ባለው ዲቭ (div) ውስጥ ያስገቡትና ዲቩን ታብኢንዴክስ (tabindex) 0 ይስጡት፣ በኪቦርድም እንዲሸበለል። ቴብሉን ራሱን ግን ዲስፕሌይ ብሎክ (display: block) አያድርጉት፤ አንዳንድ ብራውዘር ያኔ ሠንጠረዥ መሆኑን ይረሳዋል።

ከመለጠፍዎ በፊት በነጻ በሚገኘው ስክሪን ሪደር በኤንቪዲኤ (NVDA) ይስሙት። የቲን (T) ቁልፍ ሲጫኑ ወደ ሠንጠረዡ ዘልሎ ካፕሽኑን፣ የረድፉንና የዓምዱን ብዛት መናገር አለበት። ከዚያ ስክሪኑን ያጥፉና በኮንትሮል፣ ኦልትና ቀስቶች እየሄዱ የወረዳ 5ን ሰዓት ይፈልጉ። ወደ ታች ሲወርዱ ሰዓቱን ብቻ እየጠራ ወረዳውን ካልተናገረ፣ የረድፉ 1ኛ ሴል ቲዲ ሆኖ ቀርቷል።