ላባ የጣለች ዶሮና የደሴ ብርድ፦ ቤቱን አትድፈኑባት

ከጥቅምት እስከ ጥር ጎረቤት የሚጠራኝ በአንድ ጉዳይ ነው። «ዶሮዎቼ ላባቸው ረገፈ፣ ያስነጥሳቸዋል፣ እንቁላሉም ቆመ። ብርድ መታቸው መሰለኝ።» ውሃውን፣ መኖውንና የፈንግል ክትባቱን አይታችኋል ብዬ ልለፍ። የቀረውን በየምልክቱ እንሂድበት።

ላባዋ ይረግፋል፣ እሷ ግን ደህና ትበላለች

ይሄ በሽታ አይደለም። ላባ እየለወጠች ነው። ብዙ ጊዜ ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆናት ይጀምራታል። ከራስና ከአንገት ይነሳል፣ ወደ ደረትና ጀርባ ይወርዳል፣ ክንፍና ጅራት ይከተላሉ። ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። እንቁላሉም በዚያው ይቆማል። አብሽሩ፣ ይመለሳል። የቀረውን ላባ ገለጥ አድርጋችሁ ቆዳዋን እዩ። ሥሩ ጠቆር ያለ፣ በስስ ሽፋን የተጠቀለለ እሾህ መሳይ ነገር ከበቀለ አዲሱ ላባ መጥቷል። ውስጡ ደም አለ። ሲነካ ያማታል፣ ሲሰበር ይደማል። በዚህ ሰሞን አትያዟት፣ ልጆችም አያባርሯት።

ላባ ከ80 በመቶ በላይ ፕሮቲን ነው። በቆሎና ፍሩሽካ ብቻ እየሰጡ ላባ መጠበቅ ያለ ጭቃ ግድግዳ መምረግ ነው። ላባው እስኪሞላ የእንቁላል ጣይ መኖዋን በጫጩት መኖ ቀይሩላት፤ የጫጩቱ ፕሮቲን ከፍ ይላል። ከተወደደባችሁ ኑግ ፋጉሎ ጨምሩላት። የሻገተ ፋጉሎ ግን በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ሲሰብሩት ውስጡ አረንጓዴ የሆነ ፋጉሎ «ለዶሮ ምን ይለዋል» ተብሎ ሲሸጥ አይቻለሁ። መርዙ ጉበቷን ነው የሚበላው፣ ቢቀቅሉትም አይጠፋም።

ከኮምቦልቻ ገዝታችሁ ደሴ የምታመጧትም ዶሮ በሳምንታት ውስጥ ላባዋን ልትጥል ትችላለች። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር ትንሽ ከፍ ካለ ቦታ ተነስታ 2,500 ገደማ ላይ ትወጣለች። እግሯን አስራችሁ መኪና ጣሪያ ላይ አትጫኗት። ቀዳዳ ያለው ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ ጠዋት አምጧት፤ ቤቱን ሳይመሽ ትልመደው።

ታስነጥሳለች፣ ዓይኗ ያብጣል፣ ሌሊት ታንኮራፋለች

እዚህ ላይ እቆያለሁ። ብዙውን ጊዜ የሚያስጠራኝ ይሄ ነው፣ ሰዎቹም ሁሌ ብርዱን ይከሳሉ።

ባለፈው ኅዳር እዚሁ ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ አንዲት እናት ጠሩኝ። 12 የሳሶ ዝርያ ዶሮዎች አሏቸው። «ልጄ፣ ብርዱ ሊጨርሳቸው ነው» አሉኝ። ከቆርቆሮው ሥር የነበረውን ክፍተት በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቀውታል። ግድግዳውን ዙሪያውን በላስቲክ ለብጠውታል። ንጋት ላይ ሄድኩ። በሩን ስከፍት ዓይኔ አነባ። እጄን ቆርቆሮው ሥር ሳስኬድ ውሃው እስከ ክርኔ ወረደ። ጠብታው የሚያርፈው ቆጡ ላይ ነው፣ ላባ በሌለው ጀርባቸው ላይ። ጉዝጓዙን ጨበጥኩት፤ እንደ ሊጥ ተጣበቀ። እሳቸው ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ የአንቲባዮቲክ ዱቄት ገዝተው በውሃ በጥብጠው ሰጥተዋል። ገንዘባቸው ሄደ፣ ማስነጠሱ ግን አልቆመም።

«እማማ፣ ብርዱ አይደለም» አልኳቸው። «የገዛ ትንፋሻቸው ነው ያረጠባቸው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የዶሮ ሰውነት 41 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። ሌሊቱን ሙሉ እርጥብ ትንፋሽ ታወጣለች። መውጫ ካጣ ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ያልብና ይንጠባጠባል። ኩሱ ሲረጥብ አሞኒያ የሚባል የሚያቃጥል ጋዝ ይፈጠራል። አሞኒያው ዓይኗንና የመተንፈሻ ቧንቧዋን ይልጣል። ከዚያ ያገኘው ጀርም ሁሉ ይገባል። ላባ የሚያሞቀው በመካከሉ አየር ስለሚይዝ ነው፤ ሲረጥብ አይዝም። ላባ እየለወጠች ያለችው ደግሞ ቀድሞውኑ ግማሹን አጥታለች።

ያደረግነውን ልንገራችሁ። ከቆርቆሮው ሥር በሁለቱም ወገን አንድ ስንዝር ከፈትን። ሸለምጥማጥ እንዳይገባ ሽቦ መታንበት። ሽቦውን አትርሱ፤ ረስቶ በአንድ ሌሊት 4 ዶሮ ያጣ ሰው አውቃለሁ። ላስቲኩን ሙሉ በሙሉ አላነሳነውም። ከመሬት ጀምሮ ቆጥ ላይ ከቆመች ዶሮ ራስ ትንሽ ከፍ እስኪል ተውነው። ነፋስ በቀጥታ እንዳይመታት ከታች ይዘጋል፣ እርጥበቱ እንዲወጣ ከላይ ይከፈታል። ጉዝጓዙን ዝቀን አወጣንና 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ደረቅ የጤፍ ጭድ አነጠፍን። ሰጋቱራም ይሆናል። ቆጡ የብረት ቱቦ ነበር። ብረት ሌሊት እግር ያቀዘቅዛል። 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ጠፍጣፋ እንጨት ቀየርነው፤ ዶሮዋ ስትቀመጥ ጣቶቿን በሆዷ ላባ ትሸፍናለች። ቆርቆሮው ሥር ኬሻ ወጠርን፣ በየሦስት ቀኑ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የውሃ ዕቃው ሌሊት ውጭ ያድራል። አተላም እዚያ ቤት ውስጥ አይገባም።

ማስነጠሱ በሁለተኛው ሳምንት ቆመ። የአንዷ ዓይን ግን ሳይመለስ ቀረ።

ቤታችሁን ለመፈተን ንጋት ላይ፣ ቤቱ ሳይናፈስ ገብታችሁ ራሳችሁን በቆጡ ልክ ዝቅ አድርጉ። አሞኒያው እናንተን ከሸተታችሁ እሷን ጎድቷታል። ቀጭን የወረቀት ቁራጭ ቆጡ ላይ አንጠልጥሉ፤ ከተወዛወዘ ነፋስ ያገኛታልና በዚያ በኩል ዝጉ። ጉዝጓዙን ጨብጡት፤ ስትለቁት መፍረስ አለበት።

አየሩን አስተካክላችሁ በሳምንት ካልተሻላት፣ ወይም ፊቷ አብጦ የሚሸት ፈሳሽ ካለው የእንስሳት ሐኪም ያያት። መድኃኒት ያኔ ነው። ሐኪሙ የሚነግራችሁ ቀን እስኪያልፍም እንቁላሉን አትብሉ፣ አትሽጡ።

ከሰል አታስገቡ። በዚህ ልለምናችሁ። አንድ ቤት ማታ ፍም የሞላ ምድጃ ዶሮ ቤት አስገብተው በሩን ዘጉ። ጠዋት 5ቱ ከቆጡ ሥር ወድቀው ተገኙ። የከሰል ጭስ ባይታይም ይገድላል። የዶሮ ቤቱ ከመኝታ ቤታችሁ ጋር ግድግዳ ከተጋራ ደግሞ እናንተንም። አምፖል ጭድ አጠገብ ማንጠልጠልም እሳት መጥራት ነው።

የቀሩት

ጀርባዋ ብቻ ከተላጠ አውራ ዶሮው ሲወጣባት የላጣት ነው፤ ለጥቂት ሳምንታት ለዩት።

ጫፉ የተነጨና የደማ ላባ ካለ እርስ በርስ እየተነጫጩ ነው። ጠቧቸዋል ወይም ፕሮቲን አንሷቸዋል። የደማችውን ዛሬውኑ ለይዋት።

ቂጧ አካባቢ ከተላጠና ቀይ ከሆነ ቅማል ፈልጉ። ደረቅ አፈርና አመድ የምትንከባለልበት ቦታ አብጁላት። ሌሊት ከቆጡ ስንጥቅ የሚወጡ ደም መጣጭ ቀያይ ነፍሳትም አሉ፤ በባትሪ እዩ። ኮምቦልቻ ስለሚሞቅ እዚያ ይብሳሉ።

አንገቷ ከተጣመመ፣ አረንጓዴ ወይም ደም ያለው ኩስ ካስቀመጠች ላባ መለወጥ አይደለም። ለይታችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ጥሩ።

ላባዋ ሞልቶ እንቁላል ስትጀምር ወደ ጣይ መኖዋ መልሷት። የጫጩት መኖ ካልሲየሙ ለጣይ ዶሮ አይበቃም፤ ከቆየችበት ቅርፊቱ የሳሳ እንቁላል ትጥላለች። መቀየሩን በአንድ ቀን አታድርጉት፤ አንድ ሳምንት እያቀላቀላችሁ ስጧት።