የጓሮው መዋኛ ገንዳ ይቆይ ወይስ ይነሳ? በባልዲ ፈትኑት

አሜሪካ ቤት ገዝታችሁ ጓሮው ውስጥ ከመሬት በላይ የተተከለ መዋኛ ገንዳ ካገኛችሁ፣ ይቆይ ይነሳ ከማለታችሁ በፊት ማፍሰስ አለማፍሰሱን እወቁ። ባልዲ በገንዳው ውሃ ሙሉና ድንጋይ ጨምራችሁ መሰላሉ ደረጃ ላይ አስቀምጡት፤ አፉ ከውሃው በላይ ይሁን። የባልዲውንም የገንዳውንም ውሃ ልክ ውሃ በማይነቅለው ቴፕ ምልክት አድርጉ። ፓምፑን አጥፍታችሁ 24 ሰዓት ጠብቁ።

ፀሐይና ነፋስ ከሁለቱም የሚያተኑት ተቀራራቢ ስለሆነ፣ ገንዳው ከባልዲው ይበልጥ ከጎደለ ያፈሳል ማለት ነው። ያኔ የብረት ግድግዳውን ግርጌ ዙሪያውን እዩት። ቀለሙ አብጦ ዝገት ከበላው ቢነሳ ይሻላል፤ ብረቱ ደህና ከሆነ ግን የውስጡን ፕላስቲክ መጠገን ወይም መቀየር ሊበቃ ይችላል።

ዝናብ ባለበት ወይም ልጆች በሚዋኙበት ቀን አትሞክሩት። ሳትወስኑም ውሃውን ሙሉ በሙሉ እንዳትደፉት፤ ያረጀ ፕላስቲክ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ባዶ ገንዳንም ነፋስ ሊጥለው ይችላል።