«ካርስ 3»ን ለሰፈር ታዳጊ ቡድን እንዴት እናሳይ?

ጅማ ላይ ክረምቱ በርትቶ ሜዳው ጭቃ በጭቃ ሲሆን፣ ታዳጊዎችን የሚያሠለጥን ሰው ልምምዱን ሰርዞ ልጆቹን ከሚበትን እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውን «ካርስ 3» የተባለውን የአኒሜሽን ፊልም ቢያሳያቸው ይበጃል፤ ታሪኩ የመኪና እሽቅድምድም ቢሆንም፣ ልቡ ያለው አንጋፋው ለተተኪው በሚያስረክበው ነገር ላይ ነው።

ንግግሩ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቀድመው ይመልከቱትና ሐሳቡን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ለማስረዳት ይዘጋጁ። የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ማክዊን የተባለው አንጋፋ የእሽቅድምድም መኪና መሆኑን፣ ሟቹ ዶክ ሃድሰንም የእሱ አሠልጣኝ እንደነበረ አስቀድመው ይንገሯቸው። ከዚያ ፊልሙን ሦስት ቦታ ላይ ያቁሙት።

መጀመሪያ፣ ክሩዝ የተባለችው ወጣት መኪና ጎማ በባሕሩ ዳርቻ አሸዋ ላይ በከንቱ ሲሽከረከር ማክዊን ቀስ ብላ እንድትነሳ የሚያሳያት ቦታ ላይ ያቁሙ። ማክዊንን እንድታሠለጥን የተመደበችው እሷ ስለሆነች፣ «እዚህ ላይ አሠልጣኙ ማን ነው?» ብለው ይጠይቁና ልጆቹ ይከራከሩ።

ሁለተኛው ማቆሚያ ከሁሉም የላቀው ነው። ማክዊን ዶክ ከውድድር ከተገፋ በኋላ በሐዘን የኖረ ይመስለው ነበር፤ የዶክ የቀድሞ አሠልጣኝ ስሞኪ ግን ዶክ የላከለትን ደብዳቤዎች ያሳየዋል፣ የሚያወሩትም ሁሉ ስለ ማክዊን ነው። እዚህ ላይ ምንም አያብራሩ። ጥቂት ዝም ይበሉና እያንዳንዱ ልጅ አንድ ነገር ያስተማረውን ሰው እንዲጠራ ያድርጉ። እኔ ባሳየሁበት ቀን ሁሉም አሠልጣኝ ሲጠራ፣ በረኛችን ግን «የጫማዬን ክር ሁለት ጊዜ ቋጥሬ እንዳስር ያስተማረችኝ እህቴ ናት» አለ፤ ከዚያ በኋላ የሌሎቹም መልስ ተለወጠ።

መጨረሻ፣ ማክዊን ውድድሩን መሐል ላይ አቋርጦ 95 ቁጥሩን ለክሩዝ ከመስጠቱ በፊት ያቁሙና «እናንተ ብትሆኑስ?» ብለው ይጠይቁ። ብዙዎቹ ራሱ ያሸንፍ ይላሉ፤ አይገሥጿቸው። ይልቁንም እ.ኤ.አ. በ2003 ፓሪስ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ቀነኒሳ በ10,000 ሜትር ኃይሌን ቀድሞ ማሸነፉን ያንሡ። ኃይሌ እስከ መጨረሻው ታግሎ ነው የተቀደመው፤ በእኔ እምነት ይህም ከማክዊን ያላነሰ ማስረከብ ነው፣ ልጆቹ ግን ሁለቱን ራሳቸው ያነጻጽሩ።

በሚቀጥለው ልምምድ ትልልቆቹን ከትንንሾቹ ጋር ጥንድ ጥንድ ያድርጓቸውና እያንዳንዱ ትልቅ አንድ ነገር፣ ቴስታም ሆነ የእጅ ውርወራ፣ ለ10 ደቂቃ ያስተምር። እርስዎ ከመስመሩ ውጭ ይቁሙ፤ ትልቁ ሲሳሳት ቢያዩም ትንሹ እስኪጠይቀው ድረስ አፍዎን አይክፈቱ።